የደንበኞቼን የግል ሕይወት የሚያከማች ሥርዓት እንድሠራ ታዝዣለሁ፤ ምን ላድርግ?

ውድ አማካሪ፣

በአንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ውስጥ በኔትወርክ መሐንዲስነት መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ለቀናት ሲማረር የቆየ ደንበኛ ደውሎ «አሁን ሠራልኝ» ሲል የሚሰማኝን ደስታ በሌላ ሙያ አገኘዋለሁ ብዬ አላስብም። በዚህ ሰሞን ግን ወደ ቢሮ የምሄደው እግሬን እየጎተትኩ ነው።

ደንበኞቻችን አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት በሞከሩ ቁጥር የድረ ገጹ ስም በእኛ የዲኤንኤስ ሰርቨር በኩል ያልፋል። እስካሁን ይህን መዝገብ ለብልሽት ፍለጋ ስንል ሰባት ቀን ብቻ አቆይተን እናጠፋው ነበር። ባለፈው ወር ግን መዝገቡ ለሁለት ዓመት እንዲቀመጥ፣ ከደንበኛው የአገልግሎት ቁጥርና ከመኖሪያ አካባቢው ጋር እንዲያያዝ፣ ከዚያም ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት እንዲተላለፍ ተወሰነ። ሥርዓቱን በሦስት ወር ውስጥ ሠርቼ እንዳስረክብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይ «ይህ እኮ የሰው የግል ሕይወት ነው» ብዬ ብናገር አለቃዬ «ስማቸው በኮድ ይተካል፤ ውሉንም ፈርመዋል፤ የሕጉን ነገር ለሕግ ክፍል ተወው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያነሳው የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት «ኢንተርኔቴ ዘገየ» የሚል አቤቱታ ደርሶኝ የዚያን መስመር መዝገብ ከፈትኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በተከታታይ ስለ አንድ ከባድ ሕመም የሚያስረዳ ድረ ገጽ፣ ቀጥሎ የሐኪም ቀጠሮ የሚያዝበት፣ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ኑዛዜ አጻጻፍ የሚያስረዳ ድረ ገጽ ተከፍቷል። አድራሻውን ሳየው የጎረቤቴ ቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ስንገናኝ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል።

በዚህ ዓመት ከክፍላችን ሦስት ሰዎች ተቀንሰዋል። የአባቴን ሕክምናና የታናሽ እህቴን የትምህርት ክፍያ የምሸፍነው እኔ ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ባትሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ታዲያ እኛ ለምን እንቸገራለን?» ትለኛለች፤ ልፈርድባት አልችልም። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሁሉንም ዘርግፌ በማኅበራዊ ሚዲያ ልጽፈው ይቃጣኛል። ሥራውን ልሥራው ወይስ ልልቀቅ? ለጎረቤቴስ ያየሁትን ልንገረው? ወይስ ነገሩን ያካበድኩት እኔ ነኝ?

ስሜ አይገለጽ

ውድ ጠያቂዬ፣

ስለ ሥራዎ ብዙ ጽፈውልኛል፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ጎረቤትዎ መሆኑን ራስዎ ስለነገሩኝ መልሴን ከእሱ እጀምራለሁ።

ያዩትን አይንገሩት። ቢነግሩት የሚቀልለው የእርስዎ ልብ ነው፤ እሱ ግን ከሕመሙ ጭንቀት በተጨማሪ ምስጢሩ ከእጁ መውጣቱን ሊሸከም ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻውን የፈለገውን ነገር ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ነው። ምናልባት ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እናቱ ወይም ስለ ወዳጁ ተጨንቆ ይሆናል፤ ምናልባትም ፈላጊው በዚያ ቤት የሚኖር ሌላ ሰው ነው። መዝገቡ ይህን አይነግርዎትም። ሐኪም በሥራው አጋጣሚ ያወቀውን ወደ መቃብር ይዞት እንደሚወርድ ሁሉ ይህም በሥራዎ አጋጣሚ የመጣብዎ ዕውቀት ነውና እዚያው ይቅር። ነገር ግን ዓይንዎን አይሽሹበት። እስከ ትናንት ሞቅ ያለ ሰላምታ ይሰጠው የነበረ ሰው በድንገት ሲሸሸው ሰው ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ምክንያቱን በራሱ ላይ ይፈልገዋል። እንደ ወትሮው ሰላም ይበሉት፣ «እንዴት ነህ?» ይበሉት፣ መልሱንም ቆመው ይስሙት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ለወቀሳ አይደለም። የዚያ መስመር ፍጥነት የቀነሰበትን ምክንያት ለማግኘት የድረ ገጾቹን ስም ማንበብ የግድ ያስፈልግዎት ነበር? አንድ የተወሰነ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ ስሙን ሳያዩ ችግሩን ማግኘት እንደማይቻል እረዳለሁ። «በጠቅላላው ዘገየ» ለሚል አቤቱታ ግን የጥያቄዎቹ ብዛት፣ እያንዳንዱ መልስ የፈጀው ሚሊሰከንድና ሳይመለሱ የቀሩት ጥያቄዎች ድርሻ በአብዛኛው ይበቃል። መሣሪያው ስሞቹን ያሳየዎት እርስዎ መርጠው ሳይሆን የሠራው ሰው ስለዚህ ነገር ስላላሰበበት ይመስለኛል። እንግዲያው ማንንም ደጅ ሳይጠኑ፣ ወይም ቢበዛ የቅርብ ኃላፊዎን ብቻ አስፈቅደው፣ በዚህ ሳምንት ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። የብልሽት መፈለጊያው ገጽ ሲከፈት ስሞቹ ተሸፍነው ቁጥሮቹ ብቻ ይታዩ። ስሞቹን መግለጥ ያስፈለገው ባለሙያ የአቤቱታውን ቁጥርና የደንበኛውን ፈቃድ ያስገባ፤ ማን፣ መቼ እንደገለጠም ይመዝገብ። ይህ ሥራ ለጎረቤትዎ ያለፈውን አይመልስለትም፤ ነገ ሌላ ባልደረባዎ በሌላ ሰው ሌሊት ላይ ሳያስበው እንዳይወድቅ ግን ያደርጋል። ደግሞም በትልቁ ጉዳይ ላይ ሲከራከሩ «መጀመሪያ የራሴን ቤት አጽድቻለሁ» ለማለት ያስችልዎታል።

ነገሩን አካብጄው ይሆን ላሉት መልሴ፣ አላካበዱትም ነው። እርስዎ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ዓምዱን ግን ሌሎችም ያነቡታልና ጥቂት ላብራራ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ነው። ዛሬም የሚሠራበት መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጻፍ ጥያቄው ሳይመሰጠር በግልጽ እንዲጓዝ ሆኖ ነበር፤ በዚያን ዘመን ኢንተርኔትን ይጠቀሙ የነበሩት በአብዛኛው የሚተዋወቁ የምርምር ተቋማት ነበሩ። አሁን አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፈተው በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል የሚላከውን በሚመሰጥር ዘዴ፣ በመሆኑ በገጹ ላይ ያነበቡትንና የጻፉትን አገልግሎት ሰጪው አያየውም፤ የድረ ገጹን ስም ግን በአብዛኛው ያየዋል። የዲኤንኤስን ጥያቄ በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ መስጥሮ የሚልክ የቴክኒክ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ የቤታቸውን ራውተር እንደተተከለላቸው የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአገልግሎት ሰጪያቸው ሰርቨር በኩል ነው የሚያልፉት። ስሙ ብቻ መታየቱ ምን ያህል እንደሚናገር ደግሞ ያቺ ሌሊት አሳይታዎታለች፤ ሦስት ስሞች በቅደም ተከተል ተደርድረው አንድ ሰው ለማንም ያልተናገረውን ፍርሃት ነግረውዎታል። የኢንተርኔትን የቴክኒክ ደረጃዎች የሚያወጡት የእርስዎው የሙያ ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ባሳተሙት ሰነድ ሰዎችን በጅምላና በስውር መከታተል በኢንተርኔት ላይ የሚፈጸም ቴክኒካዊ ጥቃት መሆኑን አስፍረዋል፤ የተከታታዩ ዓላማ መንግሥታዊ ስለላ ይሁን ሕጋዊ ሆኖ ግላዊነትን የሚጎዳ ንግድ፣ ጥቃትነቱ እንደማይለወጥም በዚያው ሰነድ ላይ አለ። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የተናገሩት የስሜት ጉዳይ ሳይሆን የሙያዎ ጉዳይ ነበር።

አለቃዎ «ስማቸው በኮድ ይተካል» ማለታቸውን በቅን ልቦና እንደተናገሩት አድርጌ እወስደዋለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ድርጅት ከ650,000 በላይ ተጠቃሚዎቹ በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ጽፈው የፈለጓቸውን ቃላት የተጠቃሚዎቹን ስም በቁጥር ተክቶ ለተመራማሪዎች ብሎ በይፋ ለቀቀ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ጋዜጠኞች ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ያለችውን ሴት ከፈለገቻቸው ቃላት ብቻ ተነሥተው ቤቷ ድረስ ሄደው አገኟት፤ የድርጅቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊም ከሥራቸው ለቀቁ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 ላታንያ ስዊኒ የተባሉት ተመራማሪ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በልደት ቀን፣ በጾታና በፖስታ ቁጥር ብቻ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። የእናንተ መዝገብ ደግሞ የመኖሪያ አካባቢንና የሁለት ዓመት ልማድን ይይዛል። ኮዱ የሚሠራው ምስጢራዊ ቁልፍ በሌለው ተራ ሃሽ፣ ማለትም አንድን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓይነት ኮድ በሚቀይር ስሌት፣ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ዐሥር አኃዝ ያለው የአገልግሎት ቁጥር ሊሆን የሚችለው ከ10 ቢሊዮን አይበልጥምና አንድ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም እየሞከረ ኮዱን ወደ ቁጥሩ መመለስ አያቅተውም። ቁልፍ ቢጨመርበት እንኳ አንዱ ኮድ ለሁለት ዓመት የአንድ ሰው መለያ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ያ ሰው ከስሙ በስተቀር ሁሉ ነገሩ በመዝገቡ ላይ ይነበባል።

እንግዲህ ከእርስዎ የሚጠበቀው ትልቁ ነገር እርስዎ ያዩትን ሌሎቹም እንዲያዩት ማድረግ ነው ብዬ አስባለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ እርስዎ ጎረቤትዎን እያሰቡ ሲናገሩ የተቀሩት ግን ያሰቡት አምድና ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ነበር፤ ያልተግባባችሁት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ለቀጣዩ ስብሰባ ከራስዎ ፈጥረው ዐሥር መስመር ያለው የአንድ ሌሊት መዝገብ ያዘጋጁ። ኮድ ይኑረው፣ ሰዓት ይኑረው፣ የድረ ገጾቹም ስሞች ይኑሩት፤ ለምሳሌ የሥራ ማስታወቂያ፣ የብድር ስሌት፣ የፍቺ ሕግ፣ የሕፃናት ትኩሳት። በስክሪኑ ላይ ያድርጉትና አንድ ደቂቃ ዝም ብለው «ይህ ሰው ማን ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ተሰብሳቢ አንድ የሚያውቀው ሰው፣ አንዳንዱም ራሱ፣ ወደ ልቡ ይመጣበታል። አደራ የምልዎት ግን የእውነተኛ ደንበኛን መዝገብ፣ ከሁሉ በላይ የጎረቤትዎን፣ ስሙን ለውጠውም ቢሆን እንዳይጠቀሙ ነው።

ከዚያ ጋር ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያቅርቡ። የሚሰበሰበው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያየው፣ ቢሰረቅ በማን ላይ ምን እንደሚደርስ በቀላል ቋንቋ ይጻፉት። የሕግ ክፍሉንም «ደንበኛው ለዚህ የተስማማበት የውሉ ዐረፍተ ነገር የትኛው ነው?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። በየትኛው አገር እንዳሉ አልጻፉልኝም፤ ለመመዘኛ ያህል ግን እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ እንዳይውል ይከለክላል፤ የሰጡትን ፈቃድ መልሶ ማንሳት ፈቃድን እንደ መስጠት የቀለለ እንዲሆንም ያዛል፤ ቅጣቱም እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከድርጅቱ የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ድረስ ሊደርስ ይችላል። ድርጅትዎ በዚያ ሕግ ሥር ባይወድቅም ተመሳሳይ መንፈስ ያላቸው ሕጎች በብዙ አገሮች ወጥተዋል፤ አለቆችዎም ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ተቃውሞ ብቻ ይዘው አይግቡ። የማስታወቂያው ገቢ የግድ ከተፈለገ በግልጽ ጠይቀው የተስማሙ ደንበኞችን መረጃ ብቻ መጠቀም፣ ወይም በግለሰብ ደረጃ ምንም መስመር ሳይወጣ «በዚህ ሰፊ አካባቢ ይህን ያህል ሺህ ጥያቄ ለስፖርት ዜና ቀርቧል» የሚል ድምር ብቻ መስጠት ይቻላል። ለብልሽት ፍለጋ ደግሞ ሰባቱ ቀን በቂ እንደነበረ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ መስመር የጠገኑት በእሱ ነው።

ባለቤትዎ ያነሡት ነገር ከባድ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። እርስዎ ባይሠሩት ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል። ያ ሰው ግን ስለ ቁልፉ፣ ስለ ማጥፊያው ቀን፣ ስለ ደንበኛው ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል ወይስ አይችልም? በዚያ ወንበር ላይ የሚጠይቅ ሰው መቀመጡ በራሱ ዋጋ አለውና ዛሬ አይልቀቁ እላለሁ። ይህ ሐሳብ ግን አደጋም አለው፤ «ከእኔ የከፋ ሰው እንዳይመጣ» እያለ ሰው አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ሲጨምር ከጀመረበት ቦታ እጅግ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የማያልፉትን ድንበር አሁን፣ ልብዎ ሳይደክም፣ በወረቀት ላይ ይጻፉት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን «ደንበኛው ሳይጠየቅ የአንድ ሰው መዝገብ በስምም ሆነ በኮድ ከድርጅቱ የሚወጣበትን ክፍል በእጄ አልሠራም» ብዬ እጽፍ ነበር። ከድምር አኃዝ ሌላ የማይወጣ ከሆነና የመቆያው ጊዜ ከተገደበ፣ የቀረው ነገር ሙሉ በሙሉ ባያስደስተኝም እሠራው ነበር። የእርስዎ ድንበር ከእኔ ሊለይ ይችላል።

ወረቀቱን ለባለቤትዎ ያሳዩአቸው። ስለ ትክክልና ስህተት ከመከራከር ይልቅ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሒሳቡን ሥሩ፤ ደመወዝዎ ቢቋረጥ የአባትዎን ሕክምናና የእህትዎን ትምህርት ጨምሮ ያላችሁ ገንዘብ ስንት ወር ያቆያችኋል? የትኛው ወጪ ሊዘገይ ይችላል? እህትዎስ ሁኔታውን ቢያውቁ የሚያግዙት ነገር ይኖር ይሆን? «እንቸገራለን» የሚለው ቃል በቁጥር ሲተካ ወይ ከፈሩት ያነሰ ሆኖ ይገኛል፣ ወይ በእርግጥ ከባድ መሆኑ ታውቆ ጊዜ ወስዳችሁ ትዘጋጁበታላችሁ። በሁለቱም መንገድ ባለቤትዎ የውሳኔው ተካፋይ ይሆናሉ። ሥራ ሳይለቁ ሥራ መፈለግም ከዛሬ ይጀምሩ። የግል መረጃን ሳይነካ ብልሽት የሚገኝበትን መሣሪያ ሠርቶ ያሳየ የኔትወርክ መሐንዲስ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው ተጨባጭ ነገር አለው፤ የቀድሞ አለቃውን ማማትም አያስፈልገው።

ሁሉንም በማኅበራዊ ሚዲያ ዘርግፎ የመጻፍ ፍላጎትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሰሚ ያጣ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። አሁን ግን አይጻፉ። በድርጅቱ ውስጥ ያለው መንገድ ገና አልተሞከረም፤ አንዴ በይፋ ከጻፉ በኋላ ደግሞ ውይይቱ ስለ መዝገቡ መሆኑ ቀርቶ ስለ እርስዎ ታማኝነት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ኤሲኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ያደሰው የሥነ ምግባር ደንብ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚሰበሰበው የግል መረጃ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ አደጋን ለውጭ ሰው ማሳወቅም በሚገባ ሳይመዘን ከተደረገ ራሱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ቃላት ለእርስዎ ይሠራሉ። ጽሑፍዎ ካልተሰማ ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ያም ካልሆነ፣ ወይም ሕግ እየተጣሰ መሆኑን ካመኑ፣ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከመሄድዎ በፊት የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ በብዙ ቦታ ጥቆማ ለሰጠ ሠራተኛ የሚደረገው ጥበቃ ጥቆማው ለማን እንደቀረበ በማየት ይወሰናልና። እስከዚያው የተነገረዎትንና የመለሱትን ከነቀኑ በማስታወሻ ይያዙ። የደንበኞችን መዝገብ ግን ለማስረጃ ብለው እንኳ ወደ ቤትዎ አይውሰዱ፤ ለመከላከል የተነሡበትን ነገር በራስዎ እጅ መጣስ ይሆናል።

ሦስቱ ወር ከማለቁ በፊት ስብሰባው እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ደብዳቤዎ ላይ የሕመሙ ስምና የጎረቤትዎን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ሁለት ዝርዝሮች ነበሩ፤ ከመታተሙ በፊት አውጥቻቸዋለሁ፣ መልሴንም ከጨረስኩ በኋላ ዋናውን ደብዳቤ አጥፍቼዋለሁ። ሁለተኛ ሲጽፉልኝ ስለ እሱ የሚነግሩኝ ነገር ቢኖር ሰላም ብለውት እንደሆነ ብቻ ይሁን።